ዓሣ እንቁላሉን ከመጣሉ በፊት፦ በክረምት መግቢያ የማጥመድ ዘዴና ጥንቃቄ

ይህ ጽሑፍ በመርጡለ ማርያምና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ለሚሠሩ የግብርና ልማት ሠራተኞች፣ እንዲሁም ከእርሻ ሥራ በተረፋቸው ጊዜ ወደ ዓባይ በረሃ ወርደው ዓሣ ለሚያጠምዱ አርሶ አደሮችና ወጣቶች የተዘጋጀ ነው። የሚናገረውም ስለ አንድ አጭር ወቅት ነው፤ ይኸውም ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ ዝናቡ ጠንቶ ወንዞች እስኪሞሉ ድረስ ያለው፣ ዓሣው እንቁላሉን ለመጣል የሚሰናዳበት ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት ዓሣው ይወፍራል፤ ተበታትኖ ከከረመበት ይሰበሰባል፤ ምግብ አጥብቆ ይፈልጋል። ስለዚህ ለአጥማጁ እንደዚህ ያለ የተመቸ ጊዜ የለም። ለዓሣው ዘር ደግሞ እንደዚህ ያለ አስጊ ጊዜ የለም። ዘዴውንና ጥንቃቄውን ለያይተን ማስተማር ያልፈለግነው በዚህ ምክንያት ነው።

እንደሚታወቀው የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ከደጋ እስከ ቆላ የተዘረጋ ነው። ከላይ ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ የሚዘራበት ሜዳ አለ፤ ከታች ዓባይ ጎጃምን ከጎንደርና ከወሎ እየለየ የሚያልፍበት ጥልቅ ሸለቆ አለ። ከጮቄ ተራራ የሚነሡት እንደ ሙጋ፣ ሱሃና ጨሞጋ ያሉ ወንዞችም ገደሉን እየሰነጠቁ ወርደው ከዓባይ ይቀላቀላሉ። የደጋው ሰው እነዚህን ወንዞች የሚያውቃቸው በበጋ በእግር ሲሻገራቸው፣ በክረምት ደግሞ መንገድ ሲዘጉበት ነው። ዓሣ ግን እነዚህን ወንዞች በሌላ መልክ ያውቃቸዋል፤ መውለጃ ቤቶቹ ናቸው።

ዓሣው ለምን ሽቅብ ይወጣል?

በዓባይና በገባሮቹ፣ በጣና ሐይቅም ጭምር፣ በብዛት ከሚገኙት ዓሦች አንዱ አጥማጆች በተለምዶ ነጭ ዓሣ የሚሉት ወገን ነው። የሳይንስ ስሙ ላቤኦባርበስ ይባላል። ቅርፊቱ ትልልቅ ነው፤ ከአፉ ዳርና ዳር ሁለት ሁለት አጫጭር ጢም አለው፤ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። የሚያኝከው በጉሮሮው ውስጥ ባለው ጥርስ ነው። ይህን ነገር ያነሣነው ለጨዋታ አይደለም፤ መንጠቆ ላይ ምን ማድረግ እንደሚገባ የሚወስነው ይኸው የአፉ አሠራር በመሆኑ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ነጭ ዓሣ አብዛኛውን ዓመት በጥልቅ ውሃ ይኖራል። ዝናብ ሲጀምርና የወንዙ ውሃ ሲጨምር፣ ሲቀዘቅዝና ሲደፈርስ ዓሣው የመውለጃው ጊዜ መድረሱን ያውቃል። በመጀመሪያ ገባሩ ወንዝ ከትልቁ ውሃ በሚቀላቀልበት በወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባል። እዚያ ቀናት ቆይቶ፣ ጎርፍ ሲመጣለት ሽቅብ ይወጣል። የሚፈልገው ቦታ የተለየ ነው፤ ውሃው ጠለል ያለ፣ ፈጠን ብሎ የሚሄድ፣ መሬቱ ደቃቅ ጠጠር የሆነ ጥልቀት የሌለው ስፍራ ነው። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ይገባል። እንቁላል ሕይወት ያለው ነገር እንደ መሆኑ አየር ይፈልጋል፤ በጠጠሩ መካከል የሚያልፈው ውሃ አየሩን ያመጣለታል። በጠጠሩ ላይ ጭቃ ከተደፋበት ግን እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። ዳገት ላይ ያለ እርከን የታረሰ መሬት አፈሩን ወደ ወንዝ ሲሰድ የሚጎዳው ማሳው ብቻ አይደለም የምንለው ስለዚህ ነው።

ሌሎቹ ዓሦች እንዲህ አይደሉም። አምባዛ ወንዝ አይመርጥም፤ ኃይለኛ ዝናብ በጣለበት ሌሊት ውሃ ወደ ተኛበት ሣር ወጥቶ እንቁላሉን በሣሩ ላይ ይጥላል። ከመተንፈሻው ሌላ ከአየር የሚተነፍስበት ክፍል ስላለው ውሃው ቢያንሰውም ቶሎ አይሞትም። በፎገራና በደምቢያ ሜዳ በክረምት ሰው በዱላ እየመታ የሚይዘው ለዚህ ሲል የወጣውን አምባዛ ነው። ቀረሶ ደግሞ ከዳር ባለው ጸጥ ያለ ውሃ ወንዱ አሸዋውን ጠርጎ ጎጆ ያበጃል፤ ሴቷ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ በአፏ ሰብስባ እስኪፈለፈልና ጫጩቶቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ በአፏ ይዛ ትቆያለች። በዚያን ጊዜ እንደ ልቧ አትመገብም። በአፏ ጫጩት የያዘች ቀረሶ በመረብ ስትያዝ ሁሉንም ትተፋዋለች፤ አጥማጁ አንድ ዓሣ ያዝሁ ሲል መቶዎችን ይደፋል።

በውጭ አገርም ይህን የመሰለ ጥያቄ አለ። በሰሜን አሜሪካ ባስ የሚባለው ዓሣ ክረምቱ አልፎ ውሃው መሞቅ ሲጀምር ከጥልቁ ወጥቶ ወደ ዳር ይጠጋል፤ አጥማጆችም ያንን ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ይጠብቁታል። እንደ ቀረሶ ሁሉ የባስም ወንድ ጎጆ ያበጃል፤ እንቁላሉን ግን እስኪፈለፈል የሚጠብቀው ራሱ ነው። ወንዱ በመንጠቆ ከጎጆው ከተነሣ ትናንሽ ዓሦች መጥተው እንቁላሉን ይለቅሙታል። በዚህም ምክንያት በካናዳ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር በብዙው ቦታ እስከ ፈረንጆች ጁን ወር አጋማሽ ድረስ ባስ ማጥመድ ለብዙ ዓመታት ሳይፈቀድ ቆይቷል። የእኛ ነጭ ዓሣ ጎጆ አይሠራም፤ እንቁላሉንም አይጠብቅም። ጉዳዩ ግን ያው ነው፤ ከወለደ በኋላ ሊያዝ የሚችል ዓሣ ከመውለዱ በፊት ይያዝ ወይስ አይያዝ የሚል ነው።

ከጣና የተገኘው ትምህርት

ይህን ጥያቄ በግምት ሳይሆን በተጨባጭ ለመመለስ የሚያስችል ቦታ በአገራችን አለ፤ ጣና ሐይቅ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር የማያልፍ ሐይቅ ነው። ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከ40 ሜትር በላይ ስለሚወርድ ከታች ያለ ዓሣ ሊወጣው አይችልም። ስለዚህ የጣና ዓሦች ከዓባይ ዓሦች ተለይተው ለብቻቸው ኖረዋል። ተለይተው በመኖራቸውም የላቤኦባርበስ ወገን በዚያ ሐይቅ ውስጥ ወደ 17 የሚጠጉ ዝርያዎች ሆኗል። አንዱ ቀንድ አውጣ ይበላል፤ ሌላው ቅጠልና ዘር፤ ስምንቱ ደግሞ ሌላ ዓሣ አዳኝ ናቸው። ጥርስ የሌለው ዓሣ አዳኝ ሲሆን የትም አገር እምብዛም አይታይም። በፊሊፒንስ በላናው ሐይቅ ይህን የሚመስል የዓሣ ወገን ነበር፤ ከውጭ በመጡ ዓሦችና ያለ ልክ በማጥመድ ጠፍቷል። ስለዚህ ዛሬ በዓለም ላይ በዚህ ዓይነት የቀረው የጣናው ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

በጣና ላይ ዱሮ የሚጠመደው ከደንገል በተሠራ ታንኳ ነበር፤ በዚህም ሥራ ይበልጡን የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። የደንገል ታንኳ ከዳር ብዙ አይርቅም፤ በዚያም ምክንያት በአብዛኛው የሚይዘው ቀረሶ ነበር። በ1978 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1986) ግን የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገቡ። አጥማጁ ወደ ሐይቁ መካከልና ወደ ሩቅ ወንዞች አፍ ለመድረስ ቻለ። ምርቱም አደገ፤ የባሕር ዳር ገበያም ዓሣ ጠገበ። ይህ መጥፎ ነገር አልነበረም፤ ሰው በላ፣ ሥራም አገኘ። ይሁን እንጂ መረቡ በብዛት የተጣለው የት ነበር? በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም እንደ ጉማራ፣ ርብና ግልገል ዓባይ ባሉት ወንዞች አፍ ላይ ነበር፤ ነጭ ዓሣ ተሰብስቦ ጎርፍ በሚጠብቅበት ቦታ ማለት ነው።

ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ተመራማሪዎች በዚያው ሐይቅ በተመሳሳይ መረብ እየደጋገሙ ሲመዝኑ፣ የትልልቁ ነጭ ዓሣ ብዛት በክብደት ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ አገኙት። ይበልጥ የቀነሱት ደግሞ ገና ያልደረሱት ትናንሾቹ ናቸው። ይህን ልብ ይሏል። የጎደለው ትልቁ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው ስለ በላው ነው ለማለት ይቻል ነበር። ማንም የማያጠምደው ትንሹ ዓሣ ከጠፋ ግን የጠፋው በመረብ ሳይሆን ሳይወለድ በመቅረቱ ነው። ቀረሶ ግን ብዙ ተጠምዶም እንደ ነጭ ዓሣ አልወደቀም፤ ምክንያቱ ቀረሶ ለመውለድ በአንድ ጠባብ በር ሁሉም አብረው ማለፍ ስለማያስፈልጋቸው ነው።

የመርጡለ ማርያም አጥማጅ የሞተር ጀልባ የለውም፤ ጣናም ሩቅ ነው፤ ታዲያ ይህ ምን ይመለከተዋል የሚል አንባቢ ይኖራል። ይመለከተዋል። ጣና ሰፊ ሐይቅ ሆኖ፣ ብዙ ወንዞች እየገቡለት፣ በ10 ዓመት ውስጥ እንዲህ ከሆነ፣ በሸለቆ ውስጥ በሚወርድ ጠባብ ገባር ላይ ሁለትና ሦስት ሰዎች አንድ መረብ ከዳር እስከ ዳር ቢዘረጉበት የዓመቱን ዘር በአንድ ሌሊት ሊጨርሱት ይችላሉ። የወንዝ አፍ ጠባብ በሆነ ቁጥር መረቡ ትልቅ መሆን አያስፈልገውም።

በግንቦትና በሰኔ እንዴት ይጠመዳል?

በሚያዝያና በግንቦት ውሃው በጣም ያንሳል። ዓሣው ውሃ በማያጥርበት በጥልቁ ቦታ ይከማቻል፤ ገደል ሥር፣ ትልቅ ድንጋይ ሥር፣ ወንዙ ታጥፎ በሚያቁርበት። ውሃው ጠለል ስለሚል ዓሣው ሰውን ያያል፤ ጥላ ሲያርፍበት ይሸሻል። ስለዚህ አጥማጁ ጎንበስ ብሎ፣ ፀሐይን ከፊቱ አድርጎ መቅረብ ይኖርበታል። የሚሻለው ጊዜ ማለዳና አመሻሽ ነው። ቀትር ላይ በዓባይ በረሃ የሚንቃቃ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መንጠቆ መያዝ አጥማጁን ከማድከም በቀር ብዙ አይጠቅምም።

በዚህ ጊዜ የሚጠቅመው ቀጭን ክርና ትንሽ መንጠቆ ነው። ዘንጉ ቀርከሃ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀላል ነው፤ ይተጣጠፋል፤ ዓሣው ሲጎትት ክሩ እንዳይበጠስ ያግዛል። ርዝመቱ ከሦስት እስከ አራት ሜትር ይበቃል። የአንበጣና የፌንጣ ዓይነት ሕያው ነፍሳት በመንጠቆ ላይ ተሰክቶ በውሃው ላይ ቢንሳፈፍ፣ ዛፍ ባጠላበት ዳር ያለ ዓሣ ብዙ ጊዜ ወጥቶ ይወስደዋል።

የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ወንዙ ቡና ሲመስል ግን ሁሉ ነገር ይለወጣል። ዓሣው ከዚህ በኋላ የሚያየው ጥቂት ነው፤ የሚፈልገው በጢሙና በሽታ ነው። ከማሳው ታጥቦ የሚመጣው ውሃ የምድር ትልና ልዩ ልዩ ነፍሳት ይዞ ስለሚመጣ ዓሣው ይህንኑ ሲጠባበቅ ይገኛል። ስለዚህ ከፌንጣው ይልቅ የምድር ትል ይመረጣል። ከላይ እንደ ገለጽነው ነጭ ዓሣ በመንጋጋው ጥርስ የለውም፤ ምግቡን ከወለሉ ላይ ስቦ ይውጣል እንጂ አይነክስም። ትሉ በመንጠቆው ላይ ሙሉ በሙሉ ተሰክቶ ጫፉ ብቻ እንዲንቀሳቀስ መደረግ አለበት። ተንጠልጥሎ የተተወ ትል ተስቦ ይወሰዳል፤ መንጠቆው ባዶ ይቀራል። ክሩ ላይ ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ተደርጎ ትንሽ እርሳስ ይታሰራል፤ ውሃው እየገፋ እንዳይወስደውና ትሉ ወለሉ ላይ እንዲያርፍ። እርሳስ ከሌለ ቀዳዳ ያለው ጠጠር ያገለግላል።

ቦታ መምረጥን በተመለከተ አንድ ነገር ደጋግመን እንመክራለን፤ በፈጣኑ ውሃ መካከል አይጣሉ። ዓሣ ሲያርፍ ውሃ እንዲታገለው አይፈልግም። ፈጣኑ ውሃ ከዘገምተኛው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ፣ ከትልቅ ድንጋይ ኋላ፣ አረፋው ወደ ኋላ በሚዞርበት አዙሪት ውስጥ ሆኖ የሚመጣውን ምግብ ይጠብቃል። መንጠቆው ከጠርዙ ጥቂት ሽቅብ ተጥሎ ውሃው ራሱ ወደ አዙሪቱ እንዲያገባው ይደረጋል። ዓሣው ሲይዝ ክሩ አንዴ ሳብ፣ ከዚያ ላላ ይላል። በመጀመሪያው አይሳቡ፤ በሁለተኛው ይሳቡ።

ለአምባዛ ዘዴው ሌላ ነው። እርሱ የሌሊት አዳኝ ነው፤ ሽታ ያለው ነገር፣ ጉበት ወይም የዓሣ አንጀት፣ በትልቅ መንጠቆና በጠንካራ ክር ይቀርብለታል። ከጎኑ ባሉት ክንፎች ላይ ያለው አጥንት እጅ ስለሚወጋ ከጭንቅላቱ ኋላ በጨርቅ ተይዞ መንጠቆው ይወጣለታል። በሌሊት ወደ ዓባይ ዳር መውረድን ግን አንደግፍም። አዞና ጉማሬ ያሉበት ወንዝ ነው፤ የወባ ትንኝም ከሁሉ ይብሳል። ደግሞም በክረምት መግቢያ ሰማዩ እዚህ ጥርት ብሎ እያለ በጮቄ የጣለ ዝናብ ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ውሃው በድንገት ከደፈረሰና ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ መንጠቆውን ለመሰብሰብ እንኳ ሳይዘገዩ ወደ ከፍታ መውጣት ያስፈልጋል።

መረብን በተመለከተ በአጭሩ እንናገራለን። በግንቦት ውሃው ባነሰበት በአንድ ጥልቅ ቦታ ያለው ዓሣ የአካባቢው ዓሣ ሁሉ እንደሆነ ይቆጠር። ያንን ቦታ በመረብ መክበብ ጎተራን እንደ መጥረግ ነው። መረብ የሚጣል ከሆነ በዓባይ ራሱ፣ ከወንዝ አፍ ርቆ፣ ከወንዙ ስፋት እኩሌታውን ሳያልፍ፣ ዐይኑም ተወጥሮ ሲለካ ከ8 ሳንቲሜትር የማያንስ ይሁን። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በገበያ የሚታየው ባለ አንድ ቀጭን ክር መረብ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ዐይኑ ጠባብ ስለሆነ ያልደረሰውን ዓሣ ሁሉ ይለቅማል። ተቀድዶ ውሃ ውስጥ ሲቀርም አይበሰብስም፤ ማንም ሳያነሣው ዓሣ መግደሉን ይቀጥላል።

የደረሰውን ዓሣ መለየት

ከሰኔ አጋማሽ በኋላ በመንጠቆ የተያዘ ነጭ ዓሣ ሁሉ ወደ ጆንያ ከመግባቱ በፊት መታየት አለበት። መንጠቆን ከመረብ የምናስበልጠውም ለዚህ ነው፤ በመንጠቆ የተያዘ ዓሣ ለመምረጥ ዕድል ይሰጣል፤ በመረብ ሲታገል ያደረ ዓሣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይገኛል።

ሴቷ ሆዷ ወደ ጅራቷ በኩል ይወጠራል፤ ሲነካ ይለሰልሳል። ከሆዷ በታች ያለው ቀዳዳ ያብጣል፤ ይቀላልም። በጣት ቀስ ተብሎ ወደ ኋላ ሲዳሰስ እንቁላል ከወጣ ለመውለድ የቀራት የቀናት ጊዜ ብቻ ነው። ወንዱ በዚያው መልክ ሲዳሰስ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል፤ በአፍንጫው አካባቢም እንደ ብርድ ሽፍታ ያለ ሻካራ ነገር ይወጣበታል። ይህን ምልክት ያየ አጥማጅ ዓሣውን እንዲመልስ እንመክራለን። ወንዱስ ለምን ይመለሳል የሚሉ አሉ፤ ወንዱ ከሌለ እንቁላሉ የወንዝ ጠጠር ነው።

አመላለሱም የራሱ ሥርዓት አለው። በደረቅ እጅ የተያዘ ዓሣ ገላውን የሚጠብቀው ልጋግ ይላጥና ቁስል ያወጣል፤ ስለዚህ እጅዎን አስቀድመው ውሃ ያስነኩ። ሆዱን አይጫኑ፤ በመተንፈሻው ውስጥ ጣት አያስገቡ። መንጠቆው ወደ ውስጥ ከተዋጠ ለማውጣት አይታገሉ፤ ክሩን ከአፉ አጠገብ ቆርጠው ይተዉት፤ ብዙ ጊዜ ይድናል። የመንጠቆውን ዘወርዋራ እሾህ አስቀድሞ በፒንሳ ተጭኖ መድፈጥ ሥራውን ያቀልላል። ዓሣውን ውሃ ውስጥ ፊቱን ወደ ፈሳሹ መምጫ አዙረው በሁለት እጅ ይያዙት፤ ራሱ ኃይል አግኝቶ ሲወራጭ ይልቀቁት። አይወርውሩት።

በዚህ ላይ ከአጥማጆች የሚቀርበውን ተቃውሞ እናውቀዋለን። እኔ ብመልሰው ከእኔ በታች ያለው ይይዘዋል ይላሉ። እውነት ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ቢጠነቀቅ ጥቅሙ ለጎረቤቱ ነው። ስለዚህ ነገሩ የአንድ ሰው ጨዋነት ሆኖ እንዲቀር አንፈልግም። አንድ ገባር ወንዝ የሚጋሩ ቀበሌዎች ልክ የግጦሽ መሬት እንደሚከልሉ ሁሉ፣ የወንዙን አፍና ከአፉ ሽቅብ ያለውን የተወሰነ ርቀት ከሐምሌ እስከ መስከረም መጨረሻ ቢከልሉት ሁሉም እኩል ይከለከላል፤ ሁሉም እኩል ይጠቀማል። ለሣር የሚያገለግል የሽማግሌ ውል ለዓሣ የማያገለግልበት ምክንያት አይታየንም። በሕግ በኩልም የፌዴራል የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅ አውጥቷል። ዝርዝሩን የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያስረዳል።

በዚሁ አንጻር የፍልሰታን ጾም ሳናነሣ ብናልፍ ጽሑፉ ጎዶሎ ይሆናል። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን ነው፤ መርጡለ ማርያም ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የእመቤታችን ደብር ያለባት ቦታ እንደ መሆኗ ሰው የሚሰበሰብበት ጊዜ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ እንተወዋለን። እኛን የሚመለከተን የከተማ ፈላጊው በጾም መብዛቱ፣ ያውም ዓሣው በወንዝ አፍ በተሰበሰበባቸው በእነዚያው ሁለት ሳምንታት መሆኑ ነው። በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ የተጠመደውን አድርቆ ለነሐሴ ማቆየት የሚቻል ከሆነ ግን አጥማጁ ገበያው አያመልጠውም፤ ዓሣውም ይወልዳል።

ስለ ብርብራ

ብርብራ በአገራችን ብቻ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ ጥላው መልካም፣ አበባው ለንብ የሚጠቅም። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲነሰነስ ግን ዓሣን ያሰክራል። በውስጡ ያለው ሮቴኖን የሚባል መርዝ የዓሣው ገላ አየር እንዳይጠቀም ስለሚያደርገው፣ ዓሣው አየር ባለበት ውሃ ውስጥ እያለ ታፍኖ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ይህ ዘዴ ከአባቶች የቆየ መሆኑን አንክድም። ችግሩ ብርብራ መምረጥ አለመቻሉ ነው። ትልቁን፣ ትንሹን፣ ትናንት የተፈለፈለውን፣ ዓሣው የሚመገባቸውን የውሃ ነፍሳት ሁሉ አብሮ ይገድላል። ከሚሞተውም የሚለቀመው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው ወርዶ ይበሰብሳል። በበጋ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ በክረምት መግቢያ በመውለጃ ወንዝ ላይ ሲደረግ የሚያደርሰው ጉዳት እጅግ የከፋ ነው። በብርብራ ፈንታ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት የሚጠቀሙ ደግሞ ዓሣውን ብቻ ሳይሆን የሚበላውን ሰው፣ ከታች ውሃ የሚጠጣውንም ከብት ይመርዛሉ። የልማት ሠራተኛው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ሳይውል ሳያድር ማስታወቅ ይኖርበታል።

የተያዘውን ዓሣ ስለ ማቆየት

ከበረሃው እስከ መርጡለ ማርያም ገበያ አቀበቱ የሰዓታት መንገድ ነው። በቆላ ሙቀት ዓሣ ሳይጸዳ ከተተወ በዚያው ቀን ይበላሻል። ስለዚህ ዓሣው እንደ ተያዘ ሆዱ ተከፍቶ አንጀቱና መተንፈሻው ይወጣል፤ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ በእርጥብ ቅጠል ተሸፍኖ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ለጥሬ ሽያጭ የሚወጣ ከሆነ ሌሊት ወይም ማለዳ ይጓዝ።

ለማድረቅ የተፈለገ እንደሆነ ዓሣው ከጀርባው በኩል ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይዘረጋል፤ ወፍራም ሥጋው ላይ ጨው እንዲገባ በቢላ ይተለተላል። ለአራት ኪሎ የጸዳ ዓሣ አንድ ኪሎ ጨው ይበቃል። ጨው እየተነሰነሰ በንጹሕ ዕቃ ተደርድሮ ያድራል፤ የወጣው ውሃ ይፈስሳል። ከዚያ በኋላ እንደ ቋንጣ በገመድ ላይ፣ ወይም ከመሬት ከፍ ባለ የቀርከሃ ቆጥ ላይ ይሰጣል። መሬት ላይ፣ ድንጋይም ላይ ቢሆን አይሰጣ፤ አሸዋ የገባበትን ዓሣ ማንም ደግሞ አይገዛም። ዝንብ እንዳያርፍበት ከሥሩ ቀላል ጭስ ቢደረግ መልካም ነው። ማድረቂያው ጊዜ ሰኔ አጋማሽ ሳይደርስ መሆኑን አይዘንጉ፤ ዝናብ የነካው ቋንጣ ይሻግታል። ጣቱ ሲጫኑት የማይሰረጉድ ከሆነ ደርቋል። አየር በሚያስገባ ከረጢት ታስሮ፣ እርጥበት በሌለበት ከጣሪያ ሥር ይሰቀላል፤ ለወጥ ሲፈለግ በለብታ ውሃ ይዘፈዘፋል።

በመጨረሻም የልማት ሠራተኞችን አንድ ነገር እንጠይቃለን። ሆዱ የሚከፈት ዓሣ ሁሉ መረጃ ነው። አንድ ደብተር ይኑርዎት፤ ዓሣው የተያዘበትን ቀንና ወንዝ፣ የዓሣውን ዓይነት፣ ርዝመቱን ከአፉ እስከ ጅራቱ መሰንጠቂያ በሳንቲሜትር፣ ሴት ወይም ወንድ መሆኑን፣ በሆዱ ውስጥ እንቁላል መኖሩንና መልኩን ይመዝግቡ። ቢጫ ሆኖ የተለያየ ፍሬ ያለው እንቁላል የደረሰ ነው፤ እንደ ክር የቀጠነና ፍሬው የማይለይ ከሆነ አልደረሰም፤ የተኮማተረና ደም የቋጠረ ከረጢት ከሆነ ወልዷል። አጥማጆች ማንበብና መጻፍ ቢያቅታቸው ልጆቻቸው ይችላሉ። በአንድ ወንዝ ላይ ለሁለትና ለሦስት ክረምት የተያዘ እንዲህ ያለ ደብተር ክልከላው በየትኛው ሳምንት ተጀምሮ በየትኛው ሳምንት መነሣት እንደሚገባው ያሳያል፤ ለቀበሌው ስብሰባም ከመስከረም በፊት ተዘጋጅቶ ቢቀርብ ይሻላል።